«መርፌ ሳያስነኩ ፔት ይነሡ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

አክስቴ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «ትከሻዬ ላይ ያለችውን እብጠት ታውቃታለህ አይደል?» ትላለች። እንዴት አላውቃት። እኔ ልጅ ሆኜም ነበረች፤ ነጠላዋ ሸርተት ሲል ብቅ ትላለች። «እና ዛሬ አንድ ነገር ላኩልኝ፤ በመርፌ ከነኩት ይበተናል፣ መጀመሪያ ፔት የሚባለውን ተነሺ ይላል። እውነት ነው እንዴ? ዋጋውስ ስንት ነው?» ከታች ጽሑፉ ተያይዟል። በማግስቱ ሥራ ስገባ ያው ጽሑፍ ሁለት ባልደረቦቼ ስልክ ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ታካሚ አሳትሞ፣ መስመር አስምሮበት ይዞት መጣ።

ዝም ልል ነበር። አልቻልኩም።

ማንነቴን ላስቀድም። ራዲዮሎጂስት ነኝ። ቀኑን ሙሉ አልትራሳውንድ፣ ሲቲና ኤምአርአይ ሳይ ነው የምውለው። ስለዚህ ለእነሱ ታዳላለህ ብትሉኝ አልከራከርም። ፔትን (በደም ሥር ጨረር ያለው ስኳር መሳይ ነገር ሰጥቶ የት እንደተጠራቀመ የሚያነሣውን ምርመራ) ግን አልጠላውም። እንዲያውም አንድ ቦታ ላይ ከጸሐፊው በላይ እደግፈዋለሁ፤ እዚያ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ጽሑፉ የሚለውን መጀመሪያ ሳላዛባ ላስቀምጥ፤ ላላነበበውም እንዲገባው። የሚያወራው በጡንቻ፣ በስብ፣ በነርቭ፣ በጅማትና በመሳሰሉት ስጋማ ክፍሎች ላይ ስለሚወጡ እብጠቶች ነው። ፔት ካንሰሩን ካንሰር ካልሆነው ይለያል፤ ኤስዩቪ የሚባለው ቁጥር ከ2.5 በላይ ከሆነ ካንሰር ነው ይላል። እብጠቱ ፊልሙ ላይ ካልበራ ደግሞ እፎይ በሉ ይላል። ባዮፕሲ ማለትም ናሙና መውሰድ ካንሰሩን ስለሚበትነው ፔት መቅደም፣ ከተቻለም መተካት አለበት ይላል። ኤምአርአይ ጊዜው አልፎበታል፣ ፔት ሳንባን ጨምሮ መላ ሰውነትን በአንድ ጊዜ ያያል ይላል። መድኃኒት መሥራቱንም ከሁሉ ቀድሞ የሚያሳየው እሱ ነው ይላል። በመጨረሻም የታከመ ሰው ሁሉ በየሦስት ወሩ ፔት ይነሣ ብሎ ይመክራል። ጸሐፊው ለሰው አስበው እንደጻፉት ያስታውቃል። አጻጻፋቸውም ያምራል። ችግሩም እሱ ነው፤ ባያምር ኖሮ ይህን ያህል ሰው አይቀባበለውም ነበር።

እሺ። ፔት የሚያየው ምን እንደሆነ ሳንግባባ ብንከራከር ልፋት ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ነገር ኤፍዲጂ ይባላል። ስኳር መሳይ ነው፤ ፍሎሪን 18 የሚባል ጨረር የሚያመነጭ ነገር ተለጥፎበታል። ሕዋሳት ስኳር መስሏቸው ያስገቡታል። ከገባ በኋላ ግን እንደ እውነተኛው ስኳር አቃጥለው ሊጨርሱት አይችሉም፤ እዚያው ተይዞ ይቀራል። ታካሚው አንድ ሰዓት ያህል ጸጥ ብሎ ይተኛል። ከዚያ ማሽኑ የት የት እንደተጠራቀመ ያነባል። በቃ፣ ይኸው ነው። ስኳሩ የት እንደተበላ ያሳያል፤ ማን እንደበላው አይናገርም።

ካንሰር ስኳር በላተኛ መሆኑን ጀርመናዊው ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ አስተውሎታል። ይህን ጸሐፊውም ጠቅሰውታል፤ ልክ ናቸው። ያልጠቀሱት ግን አለ። ኤፍዲጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላደልፊያ ውስጥ ነው። ያኔ የታየው አንጎል እንጂ ካንሰር አልነበረም። ለምን አንጎል? ጤነኛ አንጎልም ስኳር አይጠግብማ። ልብም ይበራል። ኩላሊትና ፊኛ ስለሚያስወጡት ይበራሉ። ማስቲካ ሲያኝክ የነበረ ሰው የመንጋጋ ጡንቻው ይበራል። የበረደው ሰው አንገቱ ሥር ያለው ቡናማ ስብ ይበራል። ቁርስ በልቶ የመጣማ ጡንቻው ሁሉ ይበራና ምርመራው ይበላሻል፤ ለዚህ ነው ቢያንስ ስድስት ሰዓት ያህል ጹሙ የሚባለው (ውሃ ይፈቀዳል፣ እንዲያውም ጠጡ ይባላል፤ እንደኛ ጾም አይደለም)።

አሁን ወደ 2.5 እንምጣ። ቁጥሩ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ የተሰጠው ኤፍዲጂ በመላ አካል እኩል ቢሰራጭ ኖሮ የትም ቦታ 1 ይሆን ነበር። 2.5 ማለት ከዚያ ሁለት እጥፍ ተኩል የተጠራቀመበት ማለት ነው። ይህ ድንበር በዋናነት ከሳንባ እብጠት ጥናቶች የመጣ ነው። ጭን ላይ ላለ እብጠት እንደ ሕግ አይሠራም። ቁጥሩ ራሱ ደግሞ በደም ስኳር መጠን፣ በተጠበቀው ሰዓት፣ በማሽኑ ዓይነት ከፍና ዝቅ ይላል። አንዱ ቤት 2.3 የወጣ ሌላው ቤት 2.8 ቢወጣ አይገርምም። ታዲያ ሰውየው ታክሲ ተሳፍሮ ሲደርስ ካንሰር ያዘው?

ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ካንሰር ሳይሆኑ ከ2.5 በላይ የሚበሩ እብጠቶች ብዙ ናቸው። ሽዋኖማ የሚባለው የነርቭ ሽፋን እጢ ደህነኛ ነው፣ ግን ቦግ ብሎ ይበራል። የመገጣጠሚያ ሽፋን ላይ የሚወጣው ጃያንት ሴል ቱመርም እንዲሁ። ከቡናማ ስብ የሚነሣው ሂበርኖማ አንዳንዴ ክፉ ካንሰሮችን ያስንቃል። ኖዱላር ፋሺያይቲስ የሚሉት አለ፤ በሳምንታት ውስጥ ያድጋል፣ ያስደነግጣል፣ ይበራል፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ በራሱ ይቀንሳል። ለኛ አገር ደግሞ ከሁሉ የሚብሰው ቲቢ ነው።

አንድ ልጅ አልረሳም። ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ብሽሽቱ ላይ እብጠት ወጥቶበት፣ ቤተሰብ አዋጥቶ፣ መኪና ተሽጦ፣ ውጭ አገር ሄዶ ፔት ተነሥቷል። ሲዲውንና አራት ቦታ የታጠፈ ሪፖርት ይዞ መጣ። የእብጠቱ ኤስዩቪ 11። ሁለት የጀርባ አጥንቶችም በርተዋል። «ወደ አጥንት የተሰራጨ ሳርኮማ ሊሆን ይችላል፣ በናሙና ይረጋገጥ» ይላል፤ ሳርኮማ ማለት ከእነዚህ ስጋማ ክፍሎች ወይም ከአጥንት የሚነሣ ካንሰር ነው። «ሊሆን ይችላል» የሚለውንና «በናሙና ይረጋገጥ» የሚለውን ማንም አላነበበለትም፤ ቤተሰቡ የያዘው «የተሰራጨ ሳርኮማ» የሚለውን ብቻ ነው። እናቱ ኮሪደሩ ላይ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። አልጋው ላይ አስተኝቼው የአልትራሳውንዱን ፕሮብ ሳስቀምጥ ውስጡ ያለው ነገር እንደ ቀጭን አጥሚት ወዲያና ወዲህ ይላል። ጫን ሳደርገው ይሸሻል፣ ስለቀው ይመለሳል። ድፍን የሆነ እጢ እንዲህ አይዋልልም። በመርፌ ቀዳነው። መግል ነው። ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ ምርመራ ላይ ቲቢ ወጣ። ቲቢው የጀርባ አጥንቱን በልቶ፣ መግሉ የወገቡን ጡንቻ ተከትሎ ወርዶ ወርዶ ብሽሽቱ ላይ ወጥቶ ነበር። ሐኪሞች ድሮም ያውቁታል፤ እንደ ሌላው መግል ቀይና ትኩስ ስላልሆነ ቀዝቃዛ መግል ይሉታል።

ፔቱ አልዋሸም። ስኳር እየተበላ ነበር፤ የሚበሉት ግን ቲቢውን የሚዋጉት የራሱ ሕዋሳት ነበሩ። እናቱ «ቲቢ ነው» ስትባል እልል ልትል ምንም አልቀራት። ቲቢ ሲባል የተደሰተ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ሒሳቡንም እንየው። በስጋማ ክፍል ላይ ከሚወጡ እጢዎች ደህነኞቹ ከካንሰሮቹ በመቶ እጥፍ ገደማ ይበልጣሉ። መቶ ደህነኛና አንድ ካንሰር ሰልፍ ይዘው ፔት ገቡ እንበል። ካንሰሩ በራ። ከመቶዎቹ ደህነኞች አሥሩ ብቻ ቢበሩ (ይህን ለምሳሌ ያህል ነው የምለው) በጠቅላላ አሥራ አንድ ሰው «በራብህ» ተብሎ ይወጣል። ከአሥራ አንዱ አሥሩ በከንቱ ኑዛዜ ይጽፋል ማለት ነው። እንደ ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) ምንነቱ አስቀድሞ በታወቀ ሕመም ላይ ፔት ጎበዝ የሆነው ይህ ሰልፍ ስለሌለበት ነው።

የጸሐፊው ሐሳብ ውስጥ እውነት አለ፤ አልክድም። ክፉ የሚባሉት፣ ማለትም ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ሳርኮማዎች በአማካይ ከደህነኞቹ በጣም ይበራሉ። ትልቅ፣ ጥልቅና እሳት የመሰለ እብጠት ፊልሙ ላይ ሳይ እኔም ልቤ ይደነግጣል። ግን መደንገጤ መርፌውን ያፋጥነዋል እንጂ አያስቀረውም።

ያልበራው ነው የበለጠ የሚያሳስበኝ። የበራበት ሰው ቢያንስ ደንግጦ ሐኪም ጋ ይሄዳል፤ ያልበራለት ቤቱ ይገባል። ሳርኮማ የምንለው አንድ ቃል ከ50 በላይ የተለያዩ ዓይነቶችን ይዟል። ጠባያቸውም አንድ አይደለም። ስብ የሚመስለው፣ ቀስ ብሎ የሚያድገው የሊፖሳርኮማ ዓይነት እንደ ተራ ስብ ጭር ብሎ ሊታይ ይችላል። ውስጡ ዝልግልግ የሆነው ማይክሶይድ ሊፖሳርኮማ ብዙ ጊዜ ጭን ውስጥ ነው የሚወጣው፤ ገና በጉልምስና ያሉ ሰዎችን ይይዛል፤ ፔት ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ደብዘዝ ብሎ ነው የሚታየው። ይባስ ብሎ እንደሌሎቹ መጀመሪያ ሳንባ ከመሄድ ይልቅ ጀርባ አጥንትና ሌላ ስብ ያለበት ቦታ መሄድ ይወዳል፤ የሄደውም እዚያ ሳይበራ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ይህን ዓይነት ታካሚ የሚከታተሉ ሐኪሞች የመላ ሰውነት ኤምአርአይ ይመርጣሉ። «ያረጀ» የተባለውን መሣሪያ ማለት ነው።

ስለዚህ «በርቷል ወይስ አልበራም» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት እጃችሁ የሚነግራችሁን ጠይቁ። ከ5 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል? የዶሮ እንቁላል የሚያህል ማለት ነው። ከቆዳ ሥር ይንሸራተታል ወይስ ጡንቻ ውስጥ ተቀብሯል? እያደገ ነው? ያማል? አንዴ ወጥቶ ተመልሶ መጣ? ከእነዚህ አንዱ ካለ፣ ፔት ቢበራም ባይበራም መታየት አለበት። ለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አልትራሳውንድ ነው፤ እሱም ወረዳ ድረስ ወርዷል።

አሁን ብዙ ሰው ጽሑፉን የተቀባበለበት ነጥብ ላይ ደረስን፤ መርፌ ይበትነዋል የሚለው። ይህን ጸሐፊው አልፈጠሩትም። «ካንሰር ቢላ ከነካው ይባባሳል» ሲባል ያልሰማ ያበሻ ልጅ የለም። ከየት እንደመጣም ይገባኛል። ሰው ጠበል ይሄዳል፣ ይታሻል፣ ቅጠል ያስራል፣ ሁለት ዓመት ያልፋል። ከዚያ እብጠቱ ሐብሐብ ሲያክል ሆስፒታል ይመጣና ይቀደዳል። ከሦስት ወር በኋላ ያርፋል። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሁለቱን ዓመት የሚያነሣ የለም፤ «ቢላ ነካውና ሞተ» ይባላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ግን እዚህም ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው አለ። ባዮፕሲ ክፉኛ ሊበላሽ ይችላል። አሜሪካዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሄንሪ ማንኪንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት 597 ታካሚዎችን ተመልክተው ነበር። ናሙናው ሕክምናው በሚሰጥበት ማዕከል ሳይሆን ሪፈር በጻፈው ተቋም ሲወሰድ ስሕተቱና ጣጣው ከ2 እስከ 12 እጥፍ ይበዛ ነበር። በማያስፈልግ ሁኔታ እግር የተቆረጠበት ሰው ሳይቀር አለ። ታዲያ ማንኪን ከዚህ ተነሥቶ ባዮፕሲ ይቅር አለ? አላለም። ሥራውን የሚያውቅ ይሥራው ነው ያለው።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ምን ያደርጋል መሰላችሁ። መጀመሪያ ኤምአርአይ ያያል። ከዚያ እጢውን ኋላ ከሚያወጣው ቀዶ ሐኪም ጋር ይነጋገራል፤ «በየት በኩል ልግባ?» ይለዋል። ምክንያቱም መርፌው የሄደበት መንገድ ኋላ ከእጢው ጋር አብሮ እንዲወጣ ነው የሚታቀደው። በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ እያየ በአንድ መንገድ ይገባል፤ ነርቭና የደም ሥር ካለበት ይርቃል፤ ወፈር ባለ መርፌ ጥቂት ክር መሳይ ቁራጮች ይወስዳል። በዚህ መንገድ ተሠርቶ የመርፌው ፈር ላይ ካንሰር መብቀሉ ዜሮ አይደለም፣ ግን እጅግ አልፎ አልፎ የሚገጥም ነው።

የሚበትነውስ? የሚበትነው «ስብ ናት፣ አሁኑኑ እናውጣት» ተብሎ ያለምንም ምስል፣ ያለምንም ናሙና፣ በማደንዘዣ መርፌ ብቻ እዚያው የሚደረገው ቀዶ ጥገና ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ሐኪሞች ምሬትም ቀልድም ቀላቅለው «ውይ!» የሚል ስም ሰጥተውታል። እጢው በቁርጥራጭ ይወጣል፣ ሥሩ ይቀራል፣ ደሙ ወደ ጤነኛው ሥጋ ይዛመታል። የወጣው ነገር በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት ፓቶሎጂ ቤት ካልተላከ ደግሞ ጉዱ የሚታወቀው ተመልሶ ሲያብጥ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ጸሐፊው በዚህ ላይ ቢጽፉ ኖሮ እኔም ለመላው ዘመድ አዝማድ እልክላቸው ነበር።

ደግሞስ ናሙና ሳይወሰድ ምን ተብሎ ይታከማል? ራብዶማዮሳርኮማ የሚባለው የጡንቻ ካንሰር ከሆነ ኬሞቴራፒ ግድ ነው። ዴስሞይድ (ዙሪያውን የሚወር ግን ሌላ ቦታ የማይሰራጭ እጢ) ከሆነ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይነኩ መከታተል ይበጃል። ከኤችአይቪ ጋር የመጣ ካፖሲ ሳርኮማ ከሆነ ቫይረሱን ማከም ይቀድማል። ጂስት የሚባለው የጨጓራና የአንጀት እጢ ከሆነ የሚዋጥ ኪኒን አለው። አራቱም ፔት ላይ ሊበሩ ይችላሉ። ሐኪሙ የትኛውን ያዝዝ? «ለበራ ነገር የሚሆን መድኃኒት» የሚል ማዘዣ እስካሁን አላየሁም።

የሚገርመው ፔትና መርፌ ጠላቶች አለመሆናቸው ነው። ትልቅ እጢ ውስጡ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ጥግ የሞተ ሥጋ፣ ሌላው ጥግ ውሃ፣ አንዱ ጥግ ደግሞ ክፉው ክፍል ይሆናል። የሞተውን ብትወጋ ፓቶሎጂስቱ ምንም አይነግርህም። ፔት በጣም የበራውን ጥግ ካሳየህ መርፌውን እዚያ ትልካለህ። ጸሐፊው በመርፌ ፈንታ ያሉት መሣሪያ ዋና ጥቅሙ ከሚባሉት አንዱ መርፌውን መምራት ነው።

ኤምአርአይ አርጅቷል ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። ቀዶ ሐኪም አንድ ጥያቄ አለው፤ «እግሩን ሳልቆርጥ ይወጣልኛል?» ለዚህ እጢው ከነርቩ ጋር ምን ያህል ተጠጋ፣ የደም ሥሩን ከበበው ወይስ ገፋው፣ አጥንቱን ነካ፣ የትኛው የጡንቻ ክፍል ውስጥ ነው የሚለውን ማወቅ አለበት። ይህን ኤምአርአይ እንደ ካርታ ዘርግቶ ያሳየዋል። ፔት ጠርዙ የደበዘዘ ብርሃን ነው የሚሰጠው። አብሮት የሚነሣው ሲቲም አብዛኛውን ጊዜ በዝቅተኛ ጨረር የሚነሣ፣ ቦታ ለማመላከት ያህል የሆነ ሲቲ ነው። ሳንባን በተመለከተማ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሳርኮማ ከሁሉ በላይ የሚሄደው ሳንባ ነው፤ መጀመሪያ ሲሄድ ደግሞ ጥቃቅን ሆኖ ነው። ፔት ሲነሣ ሰውየው እየተነፈሰ ነው፤ ከ8 ሚሊ ሜትር በታች የሆነች ነጥብ በትንፋሹ ስትወጣና ስትወርድ ብርሃኗ ይሟሽሽና ትጠፋለች። ትንፋሽን ይዞ የሚነሣው ተራ የደረት ሲቲ ግን ሦስት አራት ሚሊ ሜትር የሆነችውን ይይዛታል። ዋጋውም አይገናኝም።

ለፔት የሚገባውን ደግሞ እንስጠው። ራብዶማዮሳርኮማን በመሳሰሉ ወደ ንፍፊት በሚሄዱ ዓይነቶች፣ አጥንትና መቅኔ ውስጥ በሚደበቀው የዩዊንግ ሳርኮማም ላይ፣ ሌላው ምርመራ ያለፈውን ስርጭት ፔት ብዙ ጊዜ ያወጣዋል። የተሰራጨ መሆኑ ከታወቀ ሕክምናው ሁሉ ይቀየራል። ግን ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ስሙ ከታወቀ በኋላ ነው።

መድኃኒት መሥራቱን ቀድሞ ያሳያል የሚለውን ነጥብ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። እንዲያውም ጸሐፊው በአንድ መስመር አለፉት፤ ታሪኩ ግን ያምራል። ጂስት የሚባለው ከጨጓራና ከአንጀት ግድግዳ የሚነሣ የሳርኮማ ዓይነት ነው። ኬሞቴራፒ አይበግረውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ፊንላንድ ውስጥ ጂስቷ ወደ ጉበት ለተሰራጨ አንዲት ሴት፣ ለደም ካንሰር ይሞከር የነበረው ኢማቲኒብ ተሰጣት። በሳምንታት ውስጥ በተነሣችው ፔት ጉበቷ ላይ ይበራ የነበረው ሁሉ ጠፋ። ይህ በ2001 ታተመ፤ በ2002 መድኃኒቱ ለጂስት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ እንደታየው ኢማቲኒብ የሠራለት ሰው ፔቱ በቀናት ውስጥ ሊጨልም ይችላል፤ በሲቲ ግን እጢው ለወራት ያው መጠኑን ይዞ ይቆያል፣ አንዳንዴም ውስጡ ውሃ ቋጥሮ ያደገ ይመስላል። መጠኑን ብቻ ያየ ሐኪም የሚሠራውን መድኃኒት «አልሠራም» ብሎ ሊያቆመው ይችላል ማለት ነው። እዚህ ላይ ፔት ወደር የለውም። ጸሐፊው ግን ከአንድ ጂስት ተነሥተው ስለ ሃምሳው ሁሉ ተናገሩ፤ ልዩነታችን እሱ ብቻ ነው።

ከእሳቸው በላይ እደግፈዋለሁ ያልኩት ቦታ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት አንድ ነው። ከ3,000 ሰው አንዱ ገደማ ይዞት ይወለዳል። ቆዳቸው ላይ ቡና በወተት የሚመስል ነጠብጣብ፣ ሰውነታቸው ላይ ብዙ የነርቭ እጢ አላቸው። አንዳንዱ ሰው ላይ በመቶ የሚቆጠር ነው። ከ100 ታካሚዎች ከ8 እስከ 13 በሚሆኑት ላይ በዕድሜያቸው አንድ ቀን አንዱ እጢ ወደ ክፉ ካንሰር ይለወጣል። የትኛው? ሁሉንም በመርፌ መውጋት አይቻልም። ኤምአርአይም ክፉውን ከደጉ ለመለየት ይቸገራል። ፔት ግን ከመቶዎቹ መሀል ጎልቶ የበራውን ይጠቁማል። «ድሮ አያመኝም ነበር፣ አሁን ሌሊት ያነቃኛል» ለሚል የዚህ በሽታ ታካሚ ፔት ይነሣ ብዬ ራሴ እሟገታለሁ። ከዚያ? የበራውን በመርፌ እንነካዋለን። እዚህም ዞረን መርፌው ጋ መጣን።

በየሦስት ወሩ ይነሡ የሚለው ምክር ግን እንዲሰረዝ እፈልጋለሁ። ቀዶ ጥገና የተደረገበት ቦታ ቁስሉ እስኪደርቅ ለሳምንታት ይበራል፤ ጨረር የተሰጠበትም ለወራት። ገና በሦስተኛው ወር ፔት የተነሣ ሰው ጠባሳውን «ተመልሶ መጣ» ተብሎ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል። ጨረሩም አለ። አንድ የኤፍዲጂ መርፌ ወደ 7 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣል፤ የሲቲው ለብቻው ነው። ከምድርና ከሰማይ በተፈጥሮ የምናገኘው በዓመት በአማካይ 2.4 ነው። አንዴ ለሚያስፈልገው ሰው ይህ ምንም አይደለም። በዓመት አራቴ፣ ለዓመታት፣ ለ20 ዓመት ወጣት ሲሆን ግን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የተለመደው ክትትል በእጅ መዳሰስ፣ የቦታው ኤምአርአይ ወይም አልትራሳውንድ፣ የደረት ምስል ነው። ፔት የሚመጣው ከእነዚህ አንዱ ሲያጠራጥር ነው።

ገንዘቡን ሳላነሣ አላልፍም። ፍሎሪን 18 በየ110 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል። ጠዋት የተሠራው ማታ የለም። ስለዚህ ፔት ማሽን መግዛት ብቻውን አይበቃም፤ ሳይክሎትሮን የሚባለው ማምረቻ በቅርብ መኖር አለበት። ናይሮቢ ያለው አጋ ካን ሆስፒታል ከነሳይክሎትሮኑ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከኛ ዘንድ ለፔት ወደ ናይሮቢ፣ ዴልሂና ባንኮክ የሚሄድ ቤተሰብ የአውሮፕላኑን፣ የማረፊያውንና የአስታማሚውን ሲደምር ቤት ሊሸጥ ይደርሳል። ዋሽንግተንና ዱባይ ሆናችሁ ለአገር ቤት ዘመድ የምታዋጡ፣ ይህቺን ስሙኝ። የመጀመሪያው ገንዘብ ለጥሩ ኤምአርአይና በአግባቡ ለተወሰደ ናሙና ይዋል። ሁለተኛ አስተያየት ካስፈለገ ሰውየው ሳይሆን ናሙናው ይሂድ፤ ፓቶሎጂ ቤት የሚቀመጠው የሰም ብሎክና ስላይድ በጥንቃቄ ታሽጎ በፖስታ ይላካል። ሳርኮማ ላይ የሠለጠነ ፓቶሎጂስት ሲያየው የመጀመሪያው ስም የሚቀየርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ፔት ከዚያ በኋላ ካስፈለገ፣ ያኔ ዕቃ ይሸጥ።

መጨረሻ ላይ ጽሑፉ ፋፒ ስለሚባለው አዲስ ፔት ተስፋ ይሰጣል። ስኳር ሳይሆን እጢውን የሚያቅፉትን የድጋፍ ሕዋሳት ነው የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ2019 ጀርመን ያሉ የሃይደልበርግ ተመራማሪዎች 28 የካንሰር ዓይነቶች ላይ ሞክረውት ሳርኮማ ከደመቁት መሀል ነበር። እኔም ጓጉቻለሁ። ግን እሱም የሚድን ቁስልና ጠባሳ ላይ ይበራል፤ ስለዚህ ቢመጣም ያው ክርክር ይቀጥላል።

ጸሐፊውን የምለምናቸው አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲቀይሩ ነው። «መርፌ ሳያስነኩ ፔት ይነሡ» የሚለውን «መርፌውን የሚያውቅ ሰው ሳያገኙ ማንም እንዳይነካዎ» ቢሉት የተቀረውን ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን እንጨርሰዋለን።

አክስቴ ቅዳሜ መጣች። አልትራሳውንዱ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ከቆዳ ሥር፣ ለስላሳ፣ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያው መጠን፤ ስብ ናት። መርፌም ፔትም አያስፈልጋትም፣ ካላስቸገረችሽ ተያት አልኳት። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ እየመለሰች «ድሮስ ብትወጣ ይሄ በምን ይያዝልኛል?» አለችኝ።